ላም አለኝ በሰማይ፦ የጤና መድን ካርድና የማይገኘው ሐኪም ታሪክ

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ስለ አገራችን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ፊቴን ወደምኖርበት አገር ወደ አሜሪካ መልሼ፣ ከራሴ ገጠመኝ ተነሥቼ፣ አንድ ታሪክ ላወጋችሁ ወድጃለሁ። ጉዳዩ የግል ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ከታሪክም ከፖለቲካም የራቀ አለመሆኑን ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በልጅነቴ ከሁሉ አብልጣ የምትነግረኝ አንድ ቃል ነበራት፤ «ልብህን ሰብስብ!»። ውኃ ልቀዳ ተልኬ ባልዲውን ቧንቧው ሥር ትቼ የምመለስ፣ ደብተሬን ክፍል ውስጥ፣ ጫማዬን ኳስ ሜዳ የምረሳ ልጅ ነበርሁ። መምህሮቼ «ጭንቅላት አለው፤ ልብ ግን የለውም» ይሉኝ ነበር። እንዲህም ሆኖ ተማርሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን የዶክትሬት ዲግሪዬን ተቀበልሁ፤ ዛሬ በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ዝርክርክነቴን የምሁር ጠባይ አድርገው ይቆጥሩልኛል፤ እኔም ይህን ትርጓሜ ወድጄ ተቀብዬው ኖሬአለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቱ ጥቆማ ተመርምሮ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው፣ በአማርኛ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ልንለው የምንችለው ነገር እንዳለበት ተነገረን። የሕፃናት ሐኪሙ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ ባለቤቴ የምትመለከተው ሐኪሙንም ልጃችንንም አልነበረም፤ እኔን ነበር። ሐኪሙም ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ነግረውን፣ ከሁለታችን አንዳችን ብንመረመር መልካም እንደሆነ መከሩን። እኔ ሣቅሁ። ባለቤቴ አልሣቀችም።

በዚያው ወር የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በዕድሜ የገፉ፣ እኔንም የሚወዱ ሴት ናቸው። የተማሪዎችን ውጤት ሁለት ሴሚስተር በተከታታይ አዘግይቻለሁ፤ ለዕድገቴ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ለአሳታሚው ከተቀጠረለት ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የሥራ ውሌ በመጪው የፀደይ ወራት ይገመገማል። «ምክንያት ካለህ የሐኪም ወረቀት አምጣ፤ ያለ ወረቀት ግን እጄ የታሰረ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ሁኔታ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ አሠሪውም በበኩሉ ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው።

እንግዲህ ወረቀቱን ፍለጋ ተነሣሁ። የመድን ድርጅቴን ድረ ገጽ ከፍቼ ለአዋቂዎች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚያክም የአእምሮ ሐኪም በ25 ማይል ዙሪያ ስፈልግ የ31 ሰዎች ስም ተደረደረልኝ። ደስ አለኝ። እንደ ሙያዬ ልማድ ወረቀት አስምሬ መዝገብ ያዝሁ፤ በክፍለ ጊዜዎች መካከል እየደወልሁ ውጤቱን ጻፍሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስምንቱ ስልኮች አይሠሩም ወይም የሌላ ሰው ናቸው፤ አንደኛው እንዲያውም የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ሆኖ ተገኘ። ለዘጠኙ መልእክት ተውሁላቸው፤ መልስ የሰጠኝ የለም። አምስቱ ሕፃናትን ብቻ ያክማሉ። ሦስቱ አዲስ ታካሚ አይቀበሉም። አራቱ ከመድኑ ጋር መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ከእነርሱ አንዷ ለመጀመሪያው ቀጠሮ 450 ዶላር ከኪሴ እንደምከፍል በትሕትና ነገረችኝ። አንዱ ጡረታ ወጥቷል። የመጨረሻው አዋቂዎችን ያያል፤ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ግን አይመረምርም።

ትኩረት የሚያጥረውን ሰው 31 ጊዜ ደውል፣ ጠብቅ፣ መዝግብ፣ ደግመህ ደውል ማለት፣ እግሩ የተሰበረውን ሰው ሐኪሙ አሥረኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር ግን የለም እንደማለት ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለካ እንዲህ ላለው ነገር ኖሯል! ለመሆኑ የዓለም ባለጸጋ በሚባል አገር፣ በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው፣ ካርዱን በኪሱ ይዞ ሐኪም የሚያጣው እንዴት ነው? የታሪክ ሰው ነኝና መልሱን ከትናንት ፈለግሁት። ያገኘሁትም አንድ ታሪክ ሳይሆን ሦስት ነው።

አንደኛው ታሪክ፦ መድን ከሥራ ጋር እንዴት ተጋባ

በ1929 በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ የቤይለር ዩኒቨርሲቲን ሆስፒታል የሚመሩት ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል አንድ ነገር አስተዋሉ። ሆስፒታሉ ከሚያስታምማቸው ሰዎች መካከል ሒሳባቸውን መክፈል ያልቻሉ የከተማዋ መምህራን ነበሩበት። ኪምቦል ቀደም ሲል የዳላስ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ስለነበሩ የመምህራንን ኑሮ ያውቁታል። ስለዚህም እያንዳንዱ መምህር በየወሩ 50 ሳንቲም እንዲያዋጣ፣ ሲታመም ደግሞ እስከ 21 ቀን በሆስፒታሉ እንዲታከም የሚያደርግ ማኅበር አቋቋሙ። ዕድር ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ ዕድር ለቀብር፣ የኪምቦል ዕድር ለሕክምና መሆኑ ነው። ይህ የመምህራን ዕድር ኋላ ብሉ ክሮስ ለተባለው ሰፊ የመድን ሥርዓት መነሻ ሆነ። እኔም መምህር እንደመሆኔ ይህን ሳነብ የሙያ አባቶቼን ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

መድንን ከሥራ ጋር በጽኑ ያቆራኘው ግን ጦርነት ነው። በ1942 የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲባል ኮንግረስ የማረጋጊያ ሕግ አወጣ፤ ደመወዝ እንዳይጨመር ጣሪያ ተበጀለት። ወጣቱ ወደ ጦር ሜዳ ሄዷል፤ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ይሻማሉ፤ ደመወዝ ጨምሮ መሳብ ግን አይቻልም። የመድን ጥቅማ ጥቅም ከጣሪያው ውጭ ስለተተወ አሠሪዎች በዚያ ቀዳዳ ገቡ። በ1943 የግብር መሥሪያ ቤቱ አሠሪ ለሠራተኛው መድን የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ደመወዝ ግብር እንዳይቆረጥበት የሚያደርግ ውሳኔ ሰጠ፤ የ1954 የግብር ሕግ ደግሞ ይህንኑ አጸና። ጦርነቱ ሲያበቃ ጊዜያዊው መላ ቋሚ ሥርዓት ሆኖ ተገኘ።

ሌላ መንገድ አልቀረበም አይባልም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በኅዳር 1945 ለሁሉም ዜጋ የሚሆን ብሔራዊ የጤና መድን እንዲቋቋም ለኮንግረስ ጥሪ አቅርበው ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር «ሶሻሊስታዊ ሕክምና» የሚል ስም ሰጥቶ ተዋጋው፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ነፋስም አገዘው፤ ዕቅዱ ሞተ። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለአረጋውያን ሜዲኬርን፣ ለድኆች ሜዲኬይድን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ፤ ሠራተኛው ግን በአሠሪው እጅ እንደቀረ ቀረ። በ1974 ደግሞ ኤሪሳ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የሠራተኞቹን የሕክምና ወጪ ከራሱ ካዝና የሚሸፍን የግል አሠሪ በፌዴራል ሕግ እንጂ በግዛቱ የመድን ሕግ አይገዛም። መድናችሁ የማን እንደሆነ ሳታውቁ አቤቱታ ብታቀርቡ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የምትንከራተቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

የዚህ ጋብቻ ውጤት በእኔ ላይ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ሥራዬን ለማዳን ሕክምና ያስፈልገኛል፤ ሕክምናውን ለማግኘት መድን ያስፈልገኛል፤ መድኑ ያለኝ ደግሞ ሥራው እስካለኝ ድረስ ብቻ ነው። ሥራውን ካጣሁ፣ ሥራውን ያሳጣኝን ነገር የምታከምበትን መሣሪያም አብሬ አጣለሁ።

ሁለተኛው ታሪክ፦ አእምሮ ከአካል እንዴት ተለየ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው «አማኑኤል» የሚለው ቃል ከሆስፒታል መጠሪያነት አልፎ የሠፈር መሰዳደቢያ ሆኖ ያገለግል ነበር። «አማኑኤል ውሰዱት» ማለት ሰውየውን ከሰው ተራ ማውጣት ነው። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ስልክ ሳነሣ የቢሮዬን በር መዝጋቴ አያስደንቅም። አሜሪካኖቹ ግን ይህን መለየት በስድብ ብቻ አልተዉትም፤ በሕግና በበጀት ጻፉት።

ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንን መጠበቅ የግዛት መንግሥታት ፋንታ ነበር። ሕሙማኑ በግዛት ሆስፒታሎች ይዘጋባቸዋል፤ በ1955 በነዚህ ሆስፒታሎች የነበሩት ሰዎች ቁጥር 559 ሺህ ያህል ደርሶ ነበር። የመድን ድርጅቶች ሲቋቋሙ ይህን ሸክም የመንግሥት ነው ብለው አለፉት። በ1963 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሕሙማኑ በየአካባቢያቸው በማዕከላት እንዲታከሙ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ፤ ሆስፒታሎቹ ባዶ ሲሆኑ በምትካቸው ይሠራሉ የተባሉት ማዕከላት ግን በታሰበው ቁጥር አልተሠሩም። ሜዲኬርም ሲወጣ ለአካል ሕመም የተመላላሽ ሕክምና ታካሚው 20 በመቶ ሲከፍል፣ ለአእምሮ ሕመም ግን 50 በመቶ እንዲከፍል ተደረገ። ይህ ልዩነት በ2008 በወጣ ሕግ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሙሉ በሙሉ የጠፋው በ2014 ነው። ለአካል የማይባል «በዓመት ይህን ያህል ቀጠሮ ብቻ» የሚል ገደብ በግል መድኖችም ለአእምሮ የተለመደ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ብዙ መድኖች የአእምሮውን ክፍል ቆርጠው ወጪ ቆጣቢ ለሆኑ ሌሎች ድርጅቶች አስረከቡት። ዛሬም በካርዳችሁ ጀርባ ለአእምሮ ጤና የተለየ ስልክ ቁጥር ካያችሁ የዚያ ዘመን አሻራ ነው።

ይህን አጥር ለማፍረስ የታገሉት ሁለት ሴናተሮች ነበሩ፤ የኒው ሜክሲኮው ሪፐብሊካን ፒት ዶሜኒቺና የሚኔሶታው ዴሞክራት ፖል ዌልስቶን። በፖለቲካ የሚያስማማቸው ነገር ጥቂት ነበር። የመጀመሪያው ልጃቸው፣ የሁለተኛው ታላቅ ወንድማቸው በአእምሮ ሕመም ተሰቃይተው ነበርና ሐዘን አስማማቸው። በ1996 ያስወጡት ሕግ መድን በአእምሮ ሕክምና ላይ የሚጥለውን የዓመትና የዕድሜ ልክ የገንዘብ ጣሪያ ብቻ የሚመለከት ነበር፤ መድኖቹ ጣሪያውን አንሥተው የቀጠሮን ቁጥር መገደባቸውን ቀጠሉ። ዌልስቶን በ2002 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ስማቸውን የተሸከመው የተሟላው የእኩልነት ሕግ የወጣው በጥቅምት 2008 ነው። እንዴት እንደወጣ ደግሞ ስሙት፤ ባንኮችን ከውድቀት ለመታደግ 700 ቢሊዮን ዶላር በተፈቀደበት ሕግ ላይ ተለጥፎ ነው! የአእምሮ ሕሙማን እኩልነት ለብቻው ማለፍ አቅቶት፣ በባንኮች ጀርባ ታዝሎ አለፈ።

ሕጉ ትልቅ ድል ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2010 የወጣው የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና ሕግም የአእምሮ ሕክምናን ግለሰቦችና ትናንሽ ድርጅቶች የሚገዟቸው መድኖች ሊሸፍኗቸው ከሚገቡ መሠረታዊ አገልግሎቶች መካከል አስገባው። ሆኖም ሕግ ክፍያን ማዘዝ ይችላል እንጂ ሐኪምን አይፈጥርም። ለመድን የሚሠራ የአእምሮ ሐኪም አነስ ያለ ክፍያና የበዛ ወረቀት ይጠብቀዋል፤ ብቻውን በአንዲት ክፍል የሚሠራ፣ ያለ መድንም ታካሚ የማያጣ ሰው ይህን ለምን ይሸከማል? በ2014 በታተመ ጥናት መሠረት በ2009 እና 2010 የግል መድን ይቀበሉ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 55 በመቶ ሲሆኑ፣ የሌሎቹ ሐኪሞች ግን 89 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2023 ደግሞ የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሠራተኞች በ6 ግዛቶች ከሚገኙ 12 የሜዲኬር መድኖች ዝርዝር 120 ስሞችን መርጠው እንደ ታካሚ ቤተሰብ ደወሉ፤ ቀጠሮ ማግኘት የቻሉት 18 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር «የሙት መንፈስ ኔትዎርክ» ይሉታል። የእኔ 31 ስሞች ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ፦ አዋቂው እንዴት ተረሳ

ከሁሉ ይልቅ እኔን የነካኝ ሦስተኛው ታሪክ ነው። አሌክሳንደር ክራይተን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ትኩረት መዋዠቅ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። የዘመናዊው ታሪክ መነሻ ግን ብዙውን ጊዜ በ1902 ጆርጅ ስቲል በለንደን ለሐኪሞች ኮሌጅ የሰጣቸው ትምህርቶች ናቸው። ስቲል አእምሯቸው ያልጎደለ፣ ነገር ግን ራሳቸውን መግዛት የተሳናቸውን ልጆች ገልጾ ነገሩን «የሥነ ምግባር ቁጥጥር ጉድለት» አለው። የበሽታው ታሪክ ገና ሲጀመር ከጥፋት ጋር ተቆራኝቶ እንደነበር ልብ ይሏል።

በ1937 በሮድ አይላንድ ግዛት ቻርለስ ብራድሊ የተባሉ ሐኪም በሚመሩት የሕፃናት ተቋም አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሠተ። ከምርመራ በኋላ የሚመጣባቸውን ራስ ምታት ያስታግሥላቸው እንደሆነ ብለው ለሕፃናቱ ቤንዘድሪን የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት ቢሰጧቸው፣ ራስ ምታቱ ብዙም ሳይሻለው የትምህርታቸው ነገር ተለወጠ። ልጆቹ ራሳቸው «የሒሳብ ክኒን» ብለው ጠሩት ይባላል። በ1944 ሲባ በተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሚሠራ ኬሚስት ኋላ ሪታሊን የተባለውን መድኃኒት ሠራ፤ ስሙንም ከባለቤቱ ከሪታ ስም ወሰደው።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1968 ባወጣው የምርመራ መጽሐፍ ሕመሙን «የልጅነት ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ» ብሎ ሰየመው። ስያሜው ራሱ አዋቂውን ዘጋበት። ልጁ ሲያድግ ነገሩ አብሮ ይለቀዋል ተብሎ ይታመን ነበርና። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዌንደርና ባልደረቦቻቸው በ1976 አዋቂዎችም እንዳለባቸው፣ መድኃኒቱም እንደሚረዳቸው ጻፉ። በ1980 በወጣው ሦስተኛው እትም አዋቂው «ቅሪት» በሚል ስም በጎን በር ገባ። ለአዋቂዎችም የተፈቀደ የኤ.ዲ.ኤች.ዲ. መድኃኒት የመጣው በ2002 ነው። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ምልክቶቹ ሊታዩ የሚገባበትን የዕድሜ ወሰን ከ7 ወደ 12 ከፍ አድርጎ፣ ከ17 ዓመት ጀምሮ ላሉት የሚፈለገውን የምልክት ቁጥር ከስድስት ወደ አምስት ቀነሰላቸው። እንግዲህ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አንጋፋ የአዋቂዎች አእምሮ ሐኪም የተማረው ይህ ነገር የሕፃናት ሐኪሞች ጉዳይ ነው በሚባልበት ዘመን ነበር። «አዋቂ አያለሁ፤ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ግን አልመረምርም» ያለኝን ሰው አሁን አልፈርድበትም። እርሱም የታሪኩ ልጅ ነው።

ሦስቱ ሲገናኙ

በሐኪሙ እጥረት ላይ የፖሊስ ጉዳይ ተጨመረበት። መድኃኒቶቹ ለሱስ ሊዳርጉ ይችላሉ በመባላቸው ከ1971 ጀምሮ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ አንዱ ማዘዣ ሲያልቅ በዚያው መድገም አይፈቀድም። በ2008 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ታካሚውን በአካል ሳያይ በኢንተርኔት እንዳያዝ ከለከለ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ ክልከላ ላላ፤ ልዩ ፈቃዱም በተደጋጋሚ ተራዘመ። ለዘመናት ሲጠብቁ የኖሩ አዋቂዎች በዚያ በር ጎረፉ። ከጎረፉት ጋር ነጋዴውም ገባ፤ በ2024 የአንድ የርቀት ሕክምና ኩባንያ ኃላፊዎች ያለ በቂ ምርመራ መድኃኒት አሳዝዘዋል ተብለው ተከሰሱ። በጥቅምት 2022 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የአደራል እጥረት መኖሩን አስታወቀ። የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ በ2024 ባወጣው ግምት መሠረት በ2023 ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. እንዳለባቸው የተነገራቸው አሜሪካውያን አዋቂዎች 15.5 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ ይህን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው።

በአጭሩ ሳስቀምጠው፦ ለሠላሳ አንዱም ስደውል በስልኩ ማዶ የነበሩት የ1942ቱ የደመወዝ ጣሪያ፣ አእምሮን ከአካል የለየው በጀትና የ1968ቱ ስያሜ ናቸው። ማንም ሰው ተቀምጦ እኔን ሊያንገላታ ይህን ሥርዓት አልነደፈም። ክፉ ሰው የሠራው ቢሆን ክፉውን ማንሣት ይበቃ ነበር። ይህ ግን በየዘመኑ ለየዘመኑ ችግር የተበጀ መላ ተደራርቦ ግድግዳ የሆነ ነገር ነው፤ ግድግዳውን ማንም ስላልገነባው ለማፍረስ የሚጠየቅም የለም።

ምን ይደረግ?

እኔ ቢሮ ያለኝ፣ ቋንቋውን የማውቅ፣ አቤቱታ መጻፍ ሙያዬ የሆነ ሰው ነኝ። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ የምትሠራው ወገኔ 31 ጊዜ የሚደውልበት ጊዜ ከየት ያገኛል? ስለዚህ የተማርሁትን ላካፍል። በመጀመሪያ የደወላችሁበትን ቀን፣ ስምና የተሰጣችሁን መልስ ጻፉ፤ ማስረጃ ይሆናችኋል። ሁለተኛ፣ በመድኑ ዝርዝር ውስጥ ሊያያችሁ የሚችል ሐኪም ከሌለ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያለን ሐኪም በውስጥ ዋጋ እንዲሸፍን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ መድኖች ለዚህ የሚሆን ልዩ ፈቃድ አላቸው፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም። ሦስተኛ፣ እምቢ ካሉ ይግባኝ በሉ፤ አሠሪያችሁ ወጪውን ራሱ የሚሸፍን የግል ድርጅት ከሆነ አቤቱታችሁን ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ ካልሆነ ደግሞ ለግዛታችሁ የመድን ተቆጣጣሪ ቢሮ አቅርቡ። አራተኛ፣ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ መርምሮ ማከም የሚችል የቤተሰብ ሐኪም ወይም ከፍተኛ ነርስ አለ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና መድኖች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ለአገራችን ፖለቲከኞችም አንድ ቃል አለኝ። ኢትዮጵያም ከ2011 ጀምሮ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን በወረዳዎች ሞክራ አስፋፍታለች። መልካም ሥራ ነው፤ ዕድርን ወደ ሕክምና ማምጣት ነው። ነገር ግን የሪፖርት ልማዳችን የታደለውን ካርድ መቁጠር ነው። ካርዱን የያዘው ገበሬ ጤና ጣቢያው ሲደርስ ባለሙያና መድኃኒት ያገኛል ወይ? የአእምሮ ሕሙሙስ? ካርድ የሚቆጥር መንግሥት ሐኪም መቁጠርን ከረሳ፣ ባለጸጋዋ አሜሪካ በመቶ ዓመት የደረሰችበትን ግድግዳ እኛ በድህነታችን በአሥር ዓመት እንደርስበታለን።

መዝጊያ

መዝገቤን አባሪ አድርጌ የጻፍሁት ሁለተኛው አቤቱታ ሰመረ። መድኑ ከዝርዝሩ ውጭ ያሉ፣ 70 ማይል የሚርቁ አንዲት ሐኪም እንዲያዩኝ ፈቀደ። ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቀጠሮው አምስት ወር ሆነ። ሐኪሟ ረዥም ሰዓት ካነጋገሩኝ በኋላ ምልክቶቹ ከ12 ዓመቴ በፊት እንደነበሩ የሚያሳይ ማስረጃ ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሕይወቴን በሙሉ የሌሎችን ሰነድ ስፈልግ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ሰነድ ተጠየቅሁ።

ደሴ ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደወልሁላት። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እማዬ ልብህን ሰብስብ እያለች ዕድሜዋን የጨረሰችው ለዚህ ኖሯል?» አለችኝ፤ «ሆን ብለህ የምታደርገው ይመስላት ነበርኮ፤ እኛም እንደዚያ ነበር የሚመስለን»። በሳምንቱ ከእናቴ ሣጥን ውስጥ ያገኘችውን የአራተኛ ክፍል የውጤት ካርዴን ፎቶግራፍ አንሥታ ላከችልኝ። ከክፍሉ አርባ ስምንት ልጆች ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ከሥር የክፍል ኃላፊዬ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ጎበዝ ነው፤ ልቡ ግን ከክፍል ውጭ ነው። ወላጅ ይምከረው»።

ያንን ካርድ ለሐኪሟ ተረጎምሁላቸው። የጠየቀኝን ወረቀት ያገኘሁት በዚያ ነው። የግምገማው ውጤት ገና አልተነገረኝም፤ ያለፈውን ሴሚስተር ውጤት ግን ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሜ አስገብቻለሁ። ልጄ ደግሞ ጫማውን ሲረሳ «ልብህን ሰብስብ» ማለት ትቼ፣ አብሬው ሄጄ እንፈልገዋለን።

ቸር ይግጠመን።